ጥቁር እጣቢ

«አንቺ ምን አጠፋሽ የኔ ልጅ፤ ነገሩ የእናትሽ ነው» ስትል፣ ሀኒፋ ከመጋረጃው ጀርባ ሆና ሰማቻት።

ተናጋሪዋ ሩቅያ ናት፣ የሙዓዝ አክስት። ሙዓዝ የመካነ ኢየሱሱ ነጋዴ የሐጂ ነስሩ ልጅ ነው፤ የሀኒፋን ልጅ ያስሚንን ሊያገባ ሽማግሌ ልኮ፣ እሺ ተብሎ፣ ኒካሁ ከረመዳን በፊት ይሁን ተብሎ ተቆርጦለታል። ሩቅያ በአርብ ጠዋት ንፋስ መውጫ ድረስ ስትመጣ ለሠርጉ የጀመሩላትን ቀሚስ ልትለካ መስሏቸው ነበር። የሀኒፋ የልብስ ስፌት ሱቅ ከፊት አንድ ክፍል፣ ከኋላ አንድ ጓዳ ናት፤ ሁለቱን የሚለያቸው ከቁርጥራጭ ጨርቅ የተሰፋ መጋረጃ ብቻ ነው። ጠዋት ጠዋት ወገቧ እንደ እንጨት ስለሚደርቅ ሀኒፋ ጓዳው ውስጥ ጉልበቷን አጥፋ ትጋደምና እስኪፍታታላት ትጠብቃለች። ሩቅያ «እናትሽስ?» ብላ ስትጠይቅ ያስሚን «ጓዳ ናት፣ አልተነሣችም» ብላት ነበር። ሩቅያም የተኛ ሰው አይሰማም ብላ ድምፅዋን ጥቂት ብቻ ዝቅ አደረገች። ስለ ዘይት መወደድ አወራች፣ ስለ መንገዱ አቧራ አማረረች፣ የተሰቀለውን ሻርፕ ስንት ነው ብላ ጠየቀች፤ ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው ወደመጣችበት ጉዳይ የገባችው።

«ሰው ሲጋባ ይጠያየቃል፤ ወጉ ነው» አለች። «እኛም ጠየቅን። ከሌላም አልሰማን፣ ከገዛ አያትሽ ነው፣ ከእትዬ ሸምሲያ። ‹እናቷን እኔ ነኝ ከቤቴ ያስወጣኋት። ልብሷ ሲታጠብ እጣቢው ቀለም ይሆናል። የእናቷ ዘር ነው፣ በእኛ በኩል የለም› አሉን። ሐጂም ይህን ሲሰማ ይቅርብን አለ። ሙዓዝ አኩርፎ ተቀምጧል፤ ግን የአባት ቃል ነው፣ ምን ያድርግ?»

ሀኒፋ ልጇ የምትመልሰውን ለመስማት ጆሮዋን ወደ መጋረጃው አዞረች። ያስሚን የስፌት መኪናውን መዘውር በጣቷ ስታሽከረክር ይሰማል። በመጨረሻ «እሺ እትዬ» አለች፤ ቀጥላም «ቀሚሱስ? ልተወው ወይስ ልጨርስልዎ?» ብላ ጠየቀች። ይህ ነው ሀኒፋን የገደላት። ብታለቅስ፣ ብትሳደብ፣ ሴትዮዋን ከሱቅ ብታስወጣት ምንም አልነበረም። ልጇ ግን ከጥንትም ይህን ስትጠብቅ እንደኖረች ሁሉ ስለ ቀሚስ ጠየቀች።

ሩቅያ ስትሄድ ሀኒፋ ግድግዳውን ይዛ ተነሣች። መጋረጃውን ገልጣ ስትወጣ ያስሚን ቀና ብላ አየቻትና ወዲያው ዓይኗን ወደ መርፌው መለሰች። እናትና ልጅ ስለዚህ ነገር ተነጋግረው አያውቁም። ልጅቱ የእናቷ የውስጥ ልብስ ለብቻው በተዘጋ ባልዲ እንደሚታጠብ ታውቃለች፤ የእናቷ ጆሮ ከሻርፑ ሥር እያደር ወደ ሰማያዊ እንደጠቆረ፣ የዓይኗ ነጭ ላይ ጭስ የመሰለ ነጠብጣብ እንዳለ፣ ደረጃ ስትወርድ ጥርሷን እንደምትነክስ ታያለች። አንድም ቀን ግን «ምንድን ነው?» ብላ አልጠየቀችም። ሀኒፋም የባሕር ዳሩ ሐኪም የነገራትን አላካፈለቻትም።

ሐኪሙን ለጉልበቷ ሄዳ ነው ያገኘችው። ሽንቷን በጠርሙስ አስቀምጦ እስኪጠቁር ጠበቀና ወንበሩን ወደ እሷ አስጠግቶ አስረዳት። «በሽታው ስም አለው» አላት። «አልካፕቶኑሪያ ይባላል፤ በጣም ጥቂት ሰው ላይ ነው የሚገኘው። ሰውነትሽ ከምግብ የሚያገኘውን አንድ ነገር ፈጭቶ መጨረስ አይችልም። የተረፈው በሽንት ይወጣል፤ አየርና ሳሙና ሲያገኘው ይጠቁራል። ሌላው ደግሞ በመገጣጠሚያሽ፣ በአከርካሪሽ፣ በጆሮሽ ይጠራቀማል። ጂንም አይደለም፣ እርግማንም አይደለም።» ከዚያ ያለው ነው ከአእምሮዋ የማይወጣው። «አንድ ወላጅ ብቻውን አያመጣውም። ከእናትም ከአባትም ካልተገናኘ አይገለጥም።» ስለ ልጇም ጠይቃው ነበር። ልጅቱ እንዳልያዛት፣ ነገር ግን ተሸክማው እንደምትኖር፣ ስለዚህ ከሥጋ ዘመድ ጋር ባትጋባ እንደሚሻል መክሯታል። ሀኒፋ የዘመድ ጠያቂዎችን ሁሉ እያሳበበች የመለሰችው፣ ባዳውን የነስሩን ልጅ ደስ ብሏት የተቀበለችው ለዚህ ነበር። የሸምሲያ አፍ ግን መካነ ኢየሱስ ድረስ ሄዶ ያንኑ ባዳ አገኘው።

«የት ልትሄጂ ነው?» አለች ያስሚን፣ እናቷ ነጠላዋን ስትደርብ አይታ።

«አርብ ገበያ።»

«እማዬ፣ ተዪው በአላህ።»

ሀኒፋ መልስ አልሰጠችም። በሩ ላይ ስትደርስ ብቻ ዞር ብላ «ያንን ቀሚስ እንዳትሰፊላት» አለች።

ሚኒባሱ ለገበያተኛ ጢም ብሎ ሞልቷል። ከአጠገቧ የተቀመጡት ገበሬ ስለ ማዳበሪያ፣ ስለ ገብስ ዋጋ፣ የጎረቤታቸውን ማሽላ ስለበላች በቅሎ እስከ መንገዱ ጫፍ አወሩላት፤ እሷም «አዎ አባቴ»፣ «እንዴታ አባቴ» እያለች ከፊታቸው ሌላ ንግግር ታሰናዳ ነበር። ኮረኮንቹ ጉልበቷን በነቀነቀው ቁጥር አንድ ቃል ትጨምራለች። ገበያው መሐል ቆማ ትናገራለች፤ የሸምሲያን ስም ከነአባቷ ትጠራለች፤ መሐሙድንም አትምረውም። መሐሙድ የሸምሲያ ልጅ ነው፤ ባሏ ነበር፣ የያስሚን አባት። እሷም እሱም ከአንድ የነጋዴ ዘር ናቸው፤ አባቷና ሸምሲያ የወንድማማች ልጆች ነበሩ። በጋይንት ምድር እስላሙ ጥቂት ስለሆነ በየገበያው ከተማ ያሉት ዞረው ዞረው ከዘመድ ነው የሚጋቡት። ሙሽራ ሆና አርብ ገበያ ከተማ የሸምሲያ ቤት በገባች ሰሞን እናቷ በሣጥኗ ባስቀመጠችላት ሳሙና የውስጥ ልብሷን ስታጥብ ውኃው እጇ ላይ ጠቆረ። ሸምሲያ ከኋላዋ ቆማ ኖሯል። እርጥቡን ልብስ ከእጇ መንጥቃ፣ በአርብ ቀን፣ ወደ ገበያው በሚያየው አጥር ላይ ዘረጋችው። ማንንም አልጠራችም፤ መጥራትም አላስፈለጋትም። ሀኒፋ በሳምንቱ ወደ ንፋስ መውጫ ስትመለስ ያስሚን በሆዷ ነበረች። መሐሙድ ሣጥኗን እስከ መኪናው ተሸከመላት፤ አፉን ግን አልከፈተም።

አርብ ገበያ ስትደርስ ሰዉ ከጁምዓ ሶላት እየተመለሰ ነበር። ቤቱን ሳትጠይቅ አገኘችው፤ ቆርቆሮው ዝጓል፣ ጭቃው በአዲስ ኖራ ተቀብቷል። ግቢው ውስጥ ጫማ ተደርድሯል። ሴቶቹ ከገጠር ሳይቀር በሽተኛ ሊጠይቁ መጥተዋል። ሸምሲያ ከመስቀል ወዲህ ወድቃ ዳሌዋ ተሰብሮ እንደተኛች ሀኒፋ ያወቀችው እዚያው በር ላይ ነው። ያሰናዳችውን ንግግር ተወችው። አልጋ ላይ የተኛን ሰው ገበያ አውጥቶ መስደብ አይቻልም።

ነጅዋ፣ መሐሙድ ከሷ በኋላ ያገባት ሴት፣ የሻይ ብርጭቆ በሰሃን ይዛ ከጓዳ ስትወጣ አየቻትና ማን እንደሆነች ወዲያው ገባት መሰል ብርጭቆዎቹ ተንኳኩ። ቀጭን፣ ወጣት፣ ዓይነ ድንጉጥ ሴት ናት፤ እሷም የመካነ ኢየሱስ ዘመዶቻቸው ልጅ ነች። ሀኒፋ ሰላምታ ሰጥታ አልፋ ገባች። ክፍሉ የመድኃኒትና የእርጥብ ጨርቅ ሽታ አለው። ግድግዳው ላይ ያለፈው ዓመት የቀን መቁጠሪያ ከካዕባ ሥዕል ጋር ተሰቅሏል፤ መደርደሪያው ላይ ፔርሙዝና የተገለበጡ ብርጭቆዎች አሉ። ሴቶቹ መደቡ ላይ ተጠጋግተው ስለ ዝናቡ መዘግየት ያወራሉ። የሸምሲያ ጎረቤት እትዬ አስካለ፣ ማተባቸውን ከነጠላቸው በላይ ያወጡ ባልቴት፣ ከበሽተኛዋ ራስጌ ተቀምጠዋል።

«አላህ ያሽርዎ እትዬ» አለች ሀኒፋ። በአፏ «እርስዎ» ትበል እንጂ በልቧ እንዲህ ብላ ጠርታት አታውቅም።

«ማነሽ?» አለች ሸምሲያ። ዞራ ማየት አልቻለችም፤ አንገቷ ከትከሻዋ ጋር እንደተገነባ ሁሉ አይዞርም።

«ሀኒፋ ነኝ።»

ስለ ዝናቡ የሚያወሩት ሴቶች ሁሉ ወደ እሷ ዞሩ። ሀኒፋ እጇን ልትስም ጎንበስ አለች፤ ወገቧ ስላልታጠፈላት አልጋውን መደገፍ ነበረባት። ያን ጊዜ ነው ያየችው። ከአሮጊቷ ራስ ላይ ሻርፑ ተንሸራትቷል፤ ጆሮዋ እንደ ጥቁር ድንጋይ ወደ ሰማያዊ ጠቁሯል። የዓይኗ ነጭ ላይ ጭስ የመሰለ ነጠብጣብ አለ። ሀኒፋ ይህን ጆሮ በየቀኑ ሱቋ ውስጥ ባለው የደንበኛ መስታወት ታየዋለች። አሮጊቷም እንደታየች ገባት፤ እጇን ቀስ አድርጋ አንሥታ ሻርፑን ወደ ታች ሳበችው። ከአልጋው ሥር የተከደነ ፖፖ አለ። በሩ አጠገብ የተቀየረ አንሶላ ተጠቅልሎ ተቀምጧል፤ ከአጠገቡ ደግሞ የተወቀጠ እንዶድ በጣሳ።

«በእንዶድ ነው የምታጥቢላቸው?» አለቻት ሀኒፋ ነጅዋን።

«ሳሙና አይወዱም» አለች ነጅዋ ቶሎ ብላ። «ሽታው ያማቸዋል።»

ሀኒፋ ቀስ ብላ ቁጭ አለች። ሙሽራ ሆና በነበረችበት ጊዜ ሸምሲያ የራሷን ልብስ ማንንም አስነክታ አታውቅም ነበር። ቤተሰቡ ሳይነሣ ወንዝ ወርዳ፣ በእንዶድ አጥባ፣ እርጥቡን ተሸክማ ትመለሳለች። ጎረቤት «ጎበዝ አሮጊት» ይላታል። ሀኒፋም ያኔ ጉብዝና መስሏት ነበር። አሁን ገባት፤ እንዶድ እንደ ሳሙና አያጠቁረውም። ይህች ሴት ያን ጨርቅ ከእጇ ስትነጥቃት ያየችው እንግዳ ነገር አልነበረም፤ የራሷን ነበር ያየችው። እያወቀች ነው አጥሩ ላይ የሰቀለችው። እያወቀች ነው ለነስሩ ቤት «በእኛ በኩል የለም» ያለችው። ከጠዋት ጀምሮ ደረቷ ውስጥ ይንከራተት የነበረው ቁጣ አንድ ቦታ አግኝቶ ተቀመጠ፤ ተረጋጋችም።

ወጣ ብላ ከመንገዱ ማዶ ካለው ሱቅ የልብስ ሳሙና ገዝታ ተመለሰች። «እትዬ ሸምሲያ እናቴም ነበሩ» አለች ጮክ ብላ፣ ግቢውም ክፍሉም እንዲሰማ። «አንድ ቀን እንኳ ላገልግላቸው። አጅሩ፣ ምንዳው ለኔም ይድረሰኝ።» ሴቶቹ ከንፈራቸውን መጠጡ፤ እትዬ አስካለ «ተባረኪ፣ የሰው ወርቅ ነሽ» አሉ። ነጅዋ ግን ሮጣ አንሶላውን ያዘች።

«እኔ አጥበዋለሁ። ወላሂ እኔ ነኝ የማጥበው። እንግዳ ነሽ፣ ተቀመጪ።»

«ልቀቂው» አለች ሀኒፋ።

«በአላህ ይሁንብሽ...»

ሀኒፋ አንሶላውን ከእጇ ወሰደች። ከውስጥ የሸምሲያ ድምፅ «ይቅር! ይቅር በሏት!» ሲል ተሰማ፤ ሴቶቹ ግን ይሉኝታ መስሏቸው «ተይ እትዬ፣ ልጅሽ ናት» እያሉ አጽናኗት። ሀኒፋ ግቢው መሐል ሳፋውን በርሜል ላይ አስቀመጠች። ቁጢጥ ማለት ስለማትችል ቆማ፣ እግሯን ከፍታ፣ ሳሙናውን አንሶላው ላይ አሸችው፤ ውኃ ጨመረች፤ እያሸች ጠበቀች። አረፋው መጀመሪያ ቢጫ ሆነ። ቀጥሎ ቡናማ። ከዚያ ከጣቶቿ መሐል እንደ ቀለም ጠቁሮ ወረደ፤ አንሶላው ላይ ጥላ የመሰለ ጥቁረት ተሰራጨ። ለሻይ የወጡት ሴቶች አንድ በአንድ ተጠጉ።

«ኧረ ወላዲተ አምላክ!» አሉ እትዬ አስካለ። «የምን ቀለም ነው?»

«ቀለም አይደለም እትዬ። የእትዬ ሸምሲያ ነው። የኔም እንዲሁ ነው። ከመካከላችሁ የኔን እዚህ አጥር ላይ ያየና የሚያስታውስ የለም?» ብላ ዙሪያውን አየች። ሁለት አሮጊቶች ዓይናቸውን ወደ መሬት ጣሉ። «ያኔ የእናቷ ዘር ነው ተባለ። ዛሬም ለልጄ አማቾች እንዲሁ ተባለ። እነሆ ዘሩ። ሐኪም ጠይቄአለሁ፤ አንድ ወገን ብቻውን አያመጣውም።» አንሶላውን ጨመቀችና አጥሩ ላይ ዘረጋችው። ጫፍና ጫፉን አስተካክላ፣ እንደ መልካም ሸማ ወጥራ ነው የሰቀለችው። አህያቸውን የሚነዱ ገበያተኞች ቀና እያሉ አለፉ።

መሐሙድ ኮፊያውን እንዳደረገ የደረሰው በዚህ ጊዜ ነው። ሸብቷል፣ ሆዱ ወጥቷል። አንሶላውን አየ፣ ሴቶቹን አየ፣ በመጨረሻ እሷን።

«ማነው ይህን የሰቀለው?»

«እኔ ነኝ።»

«አላህን አትፈሪም ሀኒፋ? የታመመች እናት ናት!»

«ያኔ የታመመች ሚስት ነበረችህ። ምን አልክ?»

ሀኒፋ እጇን በቀሚሷ ጠረገች። «ለሐጂ ነስሩ ደውል» አለችው። «አሁን፣ እዚሁ፣ ሁሉም እየሰማ። እናትህ ያለችውን አንተ መልሰው። እምቢ ካልክ አንሶላውን ይዤ ገበያ መሐል እቆማለሁ፤ ዛሬ አርብ ነው፣ ሰው አይጠፋም።» ሊቆጣ ሞከረ፤ ወደ ሴቶቹ ዞሮ ረዳት ፈለገ፤ ማንም አልረዳውም። ስልኩን አውጥቶ ደወለ። «ድምፁን ልቀቀው» አለችው፤ ለቀቀው።

«ሐጂ፣ መሐሙድ ነኝ... ደህና፣ አልሐምዱሊላህ። ስለ ልጆቹ ነገር ነው። እናቴ የነገረቻችሁ... ልክ አይደለም። ነገሩ በእኛም አለ። እናቴም አለባት።» ላቡን ጠረገ። «የሀኒፋ ብቻ አይደለም።»

ከወዲያ ማዶ የሐጂ ነስሩ ድምፅ «ታዲያ ይህን ሁሉ ዘመን የት ነበርክ?» አለ። ሐጂ «ይሁን፣ ከልጁ ጋር እንመካከራለን» ብሎ ዘጋው።

ሀኒፋ ነጠላዋን ልታነሣ ወደ ክፍሉ ገባች። ሴቶቹ ሁሉ ወጥተው አሮጊቷ ብቻዋን ጣሪያውን ታያለች።

«አደረግሽው?» አለች።

«አደረግሁት።»

«ሰዉ አየ?»

«አየ።»

«ያንቺን ያየሁ ዕለት መጀመሪያ ደስ ነው ያለኝ» አለች ሸምሲያ። «በዱንያ ላይ እኔ ብቻ ነኝ ብዬ ነበር የኖርኩት። ጂን ነው እላለሁ፣ የአባቴ እርግማን ነው እላለሁ። ልነግርሽ አፌን ከፈትሁ። ወዲያው ደግሞ ጎን ለጎን አስቀምጠው ያዩናል ብዬ ፈራሁ። ፈርቼ ነው የሰቀልሁት።»

«እኔ ግን ፈርቼ አይደለም የሰቀልሁት» አለች ሀኒፋ፤ ነጠላዋን ደርባ ወጣች።

መናኸሪያው አጠገብ ካለ የሱቅ ደረጃ ላይ ተደግፋ ሚኒባሱ እስኪሞላ ጠበቀች። ጉልበቷ አብጧል፤ ልቧ ግን ከሠርግ እንደተመለሰ ሰው ይዘልላል። የሴቶቹን ፊት፣ የመሐሙድን ላብ፣ የነስሩን ጥያቄ እየመላለሰች ታጣጥመው ጀመር። ያስሚን ደወለች፤ ሙዓዝ ደውሎላት ነበር። «ነገ እመጣለሁ ብሎኛል» አለች። «ምን አልሽው?» «ና አልኩት። የምለው አለኝ።» የልጅቱ ድምፅ ከጠዋቱ የተለየ ነበር፤ ሀኒፋ እንዲህ ያለ ድምፅ እንዳላት አታውቅም። «በይው» አለቻት፤ «ያለሽን ሁሉ በይው።»

ስልኩን ስትዘጋ ነጅዋ ከፊቷ ቆማ ነበር። እያለከለከች ነው፤ ትንሽ ልጅ በጀርባዋ አዝላለች። ሀኒፋ ልትሰድባት የመጣች መስሏት ቀና አለች።

«አንቺ ያንቺን ሠርተሽ መኪና ትሳፈሪያለሽ» አለች ነጅዋ። «እኔ ግን የት ልግባ?»

«አንቺን ምን አደረግሁሽ?»

ነጅዋ ሕፃኗን ወደ ፊት አዙራ አወረደቻት። «ኢክራም ትባላለች። ጨርቋ ይጠቁራል፤ ከተወለደች ጀምሮ። መሐሙድ አያውቅም። አሁን ግን ያየውን አየ፤ ነገ የልጅቷን ጨርቅ አምጪ ይለኛል። ምን ብዬ ልመልስ?» እንባዋ መጣ። «እንዶዱን ያስተማሩኝ እማማ ሸምሲያ ናቸው። መጀመሪያ የታየ ዕለት ራሴን ልጥል ነበር። እርሳቸው በር ዘግተው የራሳቸውን አሳዩኝ። ‹አይዞሽ፣ ማንም አያውቅም፣ እኔና አንቺ ነን የምናጥበው› አሉኝ። ዳሌያቸው እስኪሰበር ድረስ የልጄን ጨርቅ ወንዝ ወርደው ያጠቡት እርሳቸው ናቸው።»

ቃሉ ሀኒፋ ላይ እንደ ድንጋይ ወደቀባት። ይቅርታ አልተሰማትም፤ ከጠዋቱ የባሰ ቁጣ ነበር የተሰማት፣ ከቁጣውም ሥር ልጅነት የመሰለ ቅናት። ለዚህች በር ተዘጋላት። ለዚህች «አይዞሽ» ተባለላት። ለሷ ግን አጥሩ ነበር። አንድ ቃል ብቻ፣ አንድ እፍኝ እንዶድ ብቻ ቢሰጣት ኖሮ ሕይወቷ ሌላ በሆነ። ሕፃኗን አየቻት። ገና ጆሮዋ ቀይ ነው፣ ዓይኗ ጥርት ያለ ነው፤ የሚመጣውን አታውቅም። የሀኒፋን የነጠላ ጥለት ይዛ ትጎትታለች።

«ንፋስ መውጫ! የቀረ ሰው!» አለ ረዳቱ።

«ዛሬ ንገሪው» አለች ሀኒፋ።

«ምን?»

«ነገ ሳይሆን ዛሬ። ሰው ሁሉ የእናቱን አይቶ ገና ሲንሾካሾክ ንገሪው። ዛሬ ማንንም ከቤቱ ማስወጣት አይችልም፣ አፉ ተይዟል። ነገ ግን ይረሳዋል። እኔ አውቀዋለሁ።»

«ብቻዬን አልችልም።»

ሀኒፋ ሚኒባሱን አየችው። የመጨረሻው ነው። ረዳቱ በሩን እየደበደበ «እማማ ትገቢያለሽ?» አላት። በእጇ «ሂድ» አለችው።

ሁለቱ ሴቶች ቤቱ ሲደርሱ መሐሙድ በረንዳው ላይ ተቀምጦ ነበር። ሴቶቹ ተበትነዋል፤ አንሶላውንም አንድ ሰው ከአጥሩ አውርዶታል። ሀኒፋን ሲያይ ተነሣ። ነጅዋ ልጅቱን እንዳቀፈች ከፊቱ ቆመችና በአንድ ትንፋሽ ነገረችው፤ የኢክራም ጨርቅ እንደሚጠቁር፣ እንደደበቀችው፣ እናቱም እንደሚያውቁ። ሁሉን አውጥታ ስትጨርስ ዓይኗን ጨፈነች።

የመሐሙድ ፊት ጠቆረ። ጣቱን አነሣ። «ያንቺ...» ብሎ ጀመረ።

«ጨርሰው» አለች ሀኒፋ ከኋላ።

ዞሮ አያት።

«ያንቺ ምን? ያንቺ ዘር? ያንቺ ደም? ጨርሰው እንጂ፤ ልሰማው ነው መኪናዬን ያስመለጥሁት።»

ጣቱ አየር ላይ ቀረ። ብዙ ቆይቶ ወረደ። መሐሙድ ወደ በረንዳው ተመልሶ ተቀመጠ፤ ግንባሩን በመዳፉ ያዘ። ኢክራም ከእናቷ እቅፍ ተንሸራትታ ወርዳ ወደ እሱ ተራመደች፤ ጉልበቱን ይዛ ቆመች። አላባረራትም። ነጅዋ ልክ ዓይኗን እንደገለጠች ይህን አየች፤ ከሁለቱ አጠገብ ቁጭ አለች። ጓዳው ውስጥ የሻይ ማንቆርቆሪያው ይንጨረጨራል።

እትዬ አስካለ ከአጥሩ ማዶ ሆነው ይህን ሁሉ ሲያዩ ኖሯል። «ነይ» አሏት ሀኒፋን በቀስታ። «ከእኔ ቤት እደሪ። ሥጋችን ባይገናኝ ሽሮ አለ፣ አልጋም አለ። እግርሽ ቆሞ አያድርም።»

ሀኒፋ በግድግዳው ተደግፋ ወደ በሩ ሄደች። መንገዷ በሸምሲያ መስኮት ሥር ነበር። መስኮቱ ገርበብ ብሏል። ሸምሲያ ከውስጥ የሀኒፋ እግር ሲጎተት ሰምታ አወቀቻት፤ እንዲህ ያለውን አካሄድ ከሌላ ሰው አትሰማም።

«ሀኒፋ» አለች። ቆየችና ደግሞ፣ በዚያ ቤት ሙሽራ ሆና ሳለች እንኳ ጠርታት በማታውቀው ስም፣ «ልጄ» አለቻት። «አንድ ጊዜ ነይ። አገላብጪኝ፣ ጎኔ ደንዝዟል።»

ሀኒፋ ቆመች። የደነዘዘ ጎን እንዴት እንደሚያም እሷን የሚያህል አያውቀውም። እጇ መስኮቱን ነክቷል፤ እንጨቱ ከቀኑ ፀሐይ ገና ሙቅ ነው። «ነጅዋን ጥሪያት» አለች፤ ለመጀመሪያ ጊዜ «አንቺ» ብላ ጠራቻት። እግሯን እየጎተተች ወደ እትዬ አስካለ በር ሄደች።